ፀሐይ የምታነቃው ቅባት

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዋግ ኽምራ ዝናብ ይጠፋል እንጂ ፀሐይ አትጠፋም። ይህችው ፀሐይ የመድኃኒቱ ግማሽ የምትሆንበት ሕክምና አለ።

ነገሩ የተደረሰበት በአጋጣሚ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን የተባለ ቀለም ፓራሚሲየም የተባለውን ረቂቅ ተሕዋሲ እንዴት እንደሚገድል ይሞክር ነበር። ያው መጠን አንድ ቀን ቶሎ ይገድላል፣ ሌላ ቀን ይዘገያል። ለካ ልዩነቱን ያመጣው ብርሃን ኖሯል! መምህሩ ሄርማን ፎን ታፓይነር ብዙም ሳይቆይ፣ በ1903፣ ኢኦሲን የተባለ ቀለም ቀብቶ የቆዳ ካንሰርን በብርሃን ለማከም ሞከረ።

ዛሬ የሚቀባው መድኃኒት ራሱ መርዝ አይደለም። ሴሉ ተቀብሎ ፕሮቶፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራበታል፤ የደማችን ቀይ ቀለም የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ይለውጠውና ሴሉ ከውስጥ ይቃጠላል። ብርሃኑ ግን ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ ለስስ የቆዳ ካንሰርና ለቅድመ ካንሰር ቁስል እንጂ ለወፍራም እባጭ አይበጅም። ሕክምናው ያማል፤ ጥቁር ቆዳም ብርሃኑን በከፊል ያስቀረዋል።

ለእኛ ደጋ የሚቀርበው ጉዳይ ቁንጭር ነው። ሊሽማኒያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲው በሽኮኮ ገላ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብ ነድፋ ወደ ሰው ታመጣዋለች። ገደልና ዋሻ ሽኮኮን በሚያስጠልሉበት ደጋ ሰው ፊት ላይ ቁስሉ ይወጣል፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ይቀራል። በደሴ አቅራቢያ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንደሚደረገው፣ በአገራችን ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ለሳምንታት የሚወሰድ መርፌ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ቀላል አይደለም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ቁንጭርን በዚሁ ቅባትና ብርሃን ለማከም የተደረገ የኢየሩሳሌም ሙከራ 31 ሕሙማንን ይዞ ነበር። ቅባቱ ተቀብቶ ለግማሽ ሰዓት ይሸፈናል፤ ከዚያ ሕመምተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ደጅ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ዳኑ፤ ከፊሎቹ ቤታቸው ሆነው ራሳቸው ነበር የሚቀቡት። ተሕዋሲው ፖርፊሪን መሥራት ስለማይችል ሕክምናው የሚገድለው የተሸሸገበትን የሰው ሴል ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ነዋሪውም አብሮ ያልቃል።

በዚያ ሙከራ የታከሙት ግን በሌሎች የሊሽማኒያ ዝርያዎች የተያዙ ናቸው። የእኛው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ወደ አፍና አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም በገላ ሁሉ ሲሰራጭ፣ ቅባት አይደርስበትም። ያም ሆኖ የቆዳ ሐኪሞቻችንና ተመራማሪዎቻችን ፀሐይ በተትረፈረፈበት በዚህ ደጋ በጥንቃቄ ቢሞክሩት የሚያዋጣ ይመስለኛል። አንባቢ ሆይ፣ ያለ ቅባቱ ፀሐይ ብቻዋን ቁንጭርን አታድንምና ቁስሉ የማይድን ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂድ።