እናት ከልጆች ጋር ቤት ስትቀመጥ፦ ምርጫና የቤት ወጪ ቅደም ተከተል



ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ከሆነ ብዙም ሳትቆዩ አንድ ጥያቄ ይገጥማችኋል። እናት ሥራ ትግባ ወይስ ከልጆቿ ጋር ቤት ትቀመጥ? መልሱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ሳትጠየቅና ሳይሰላ ቤት የቀረች እናት ግን መርጣ ቀረች አይባልም። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ማወቅና ማስላት የሚገባችሁን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

1. ጥያቄው ለምን አዲስ ሆነ?

በአገር ቤት ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም ነበር። በጎንደር አጠገብ በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች እናት ልጇን አዝላ ሸክላ ትሠራ፣ ጥጥ ትፈትል፣ ውኃ ትቀዳ ነበር። አባትም አንጥረኛ ወይም ሸማኔ ከሆነ የሚሠራው ከቤቱ አጠገብ ነው። በጎንደር ከተማ ወይም በአዲስ አበባ ለዓመታት ቆይታችሁ የመጣችሁ ደግሞ እናት ለቀን ሥራ ስትወጣ ልጁን አያት ወይም ጎረቤት ይይዝላት ነበር።

እዚህ አገር ሥራና ቤት የተለያዩ ናቸው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይመዘገባል፤ ልጅ ይዞ ሥራ መግባት አይቻልም። ጎረቤትም ራሱ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት የተቀመጠችን እናት «ሥራ የላትም» ማለት ስህተት ነው። ሥራ አላት፤ ደመወዝ ግን የለውም።

2. ልጅ በየዕድሜው የት ይውላል?

ከ3 ዓመት ጀምሮ፦ ልጅ በመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት («ጋን») በነፃ ይማራል፤ ትምህርቱም ግዴታ ነው። ይህ ለ3 ዓመት ልጆች በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ጋን ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ በእስራኤል አነጋገር 14፡00 ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የከሰዓት ማቆያ («ጻሃሮን») ክፍያ አለው።

ከ3 ዓመት በታች፦ ቦታው የቀን ማቆያ («ማዖን ዮም») ነው። ከታወቁት አስተዳዳሪ ድርጅቶች መካከል ዊጾ፣ ናዓማትና ኤሙና ይገኛሉ። እስከ 5 ልጆች በአንዲት ሞግዚት ቤት የሚውሉበት «ሚሽፓሕቶን» የሚባልም አለ። በመንግሥት እውቅና ባላቸው ቦታዎች እንደ ወላጆች ሥራና ገቢ የዋጋ ቅናሽ ይሰጣል። ዑልፓን የምትማር እናት የትምህርት ማረጋገጫ ወረቀቷን ይዛ ስለ ቅናሹ ትጠይቅ። ዓመቱ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ሲሆን ምዝገባው ብዙ ጊዜ ወራት ቀደም ይላል።

ልጅን ሰው ዘንድ ከመስጠታችሁ በፊት ቦታው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። በ2018 የወጣው የቁጥጥር ሕግ 7 እና ከዚያ በላይ ሕፃናት የሚውሉበትን ማቆያ ሁሉ ይመለከታል።

በሐይፋ መንገዱንም አስቡ። ከተማዋ ከባሕሩ እስከ ቀርሜሎስ ተራራ ራስ የተሠራች ናት፤ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ቦታ በእግር ዳገትና ደረጃ ሊሆን ይችላል። ማዖኑ የሚከፈተው ከጧቱ 1 ሰዓት (7፡00) ሆኖ ሥራው 12 ሰዓት (6፡00) ላይ የሚጀምር ከሆነ ልጁን ማን ያደርሰዋል? ይህን ሳትመልሱ የሥራ ውል አትፈርሙ።

3. አብረን እናስላ

የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

ሙሉ ቀን ሥራ፦ እጅ የሚገባ ደመወዝ 5,000 ሸቀል። ለማዖን 1,400፣ ለአውቶቡስ 250፣ ለምግብና ለልዩ ልዩ 350። የሚተርፍ 3,000 ሸቀል።

ግማሽ ቀን ሥራ፦ እጅ የሚገባ ደመወዝ 2,600 ሸቀል። ወጪው ያው 2,000። የሚተርፍ 600 ሸቀል።

ብዙ ቤተሰብ 600ውን አይቶ «ለዚህማ ምን አደከመኝ» ይላል። ነገር ግን አራት ነገሮችን ጨምራችሁ ቁጠሩ።

ሀ/ የማዖኑ ክፍያ የእናት ዕዳ ብቻ አይደለም። ልጁ የሁለታችሁ ስለሆነ ከሁለታችሁ ገቢ ላይ አስሉት።

ለ/ ይህ ወጪ ጊዜያዊ ነው። ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ጋን ይገባል፤ ክፍያውም በእጅጉ ይቀንሳል። ሥራው ግን ይቀጥላል።

ሐ/ ከደመወዝ ጋር መብት አብሮ ይመጣል። ከ2008 ወዲህ አሠሪ በሕግ በተወሰነው መሠረት ለሠራተኛው የጡረታ ቁጠባ መክፈል አለበት። እናት ወልዳ ሥራ ከማቆሟ በፊት በነበሩት 14 ወራት ውስጥ 10 ወር ከሠራች ከብሔራዊ ኢንሹራንስ («ቢቱዋሕ ለኡሚ») የ15 ሳምንት የወሊድ ክፍያ ታገኛለች። ሠርታ የማታውቅ እናት የልጅ አበል ታገኛለች፤ ይህን ክፍያ ግን አታገኝም።

መ/ ዕብራይስጥ የሚለመደው ከሰው ጋር በመዋል ነው። ዓመታትን ቤት ያሳለፈች እናት በሐኪም ቤት፣ በባንክና በልጇ ትምህርት ቤት ልጇን አስተርጓሚ ለማድረግ ትገደዳለች። ይህ ለእናትም ለልጅም ከባድ ነው።

4. ቤት መቀመጥ የሚሻልበት ጊዜ

ልጅ የታመመ ከሆነ፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሁለት ሦስት ከሆኑ፣ የተገኘው ሥራ የሌሊት ከሆነ፣ ወይም እናት ራሷ እንዲህ ከፈለገች ቤት መቀመጥ ተገቢ ውሳኔ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገር አድርጉ። እስከ መቼ እንደሆነ ተስማሙ። በሳምንት ጥቂት ሰዓትም ቢሆን እናት የምትማርበትን ጊዜ መድቡ፤ በዚያ ሰዓት አባት ልጆቹን ይያዝ። የባንክ ሒሳቡም በሁለታችሁ ስም ይሁን።

አያት ልጅ የምትይዝ ከሆነ ልጁ አማርኛውንም ይዞ ያድጋል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን እሷም ዑልፓንና ሐኪም ቤት አለባት። አስቀድማችሁ ፈቃዷን ጠይቁ።

5. ገንዘቡ በመጀመሪያ የት ይሂድ?

በአንድ ደመወዝ ለመኖር ከወሰናችሁ የወጪ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፦ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃና የከተማ ግብር («አርኖና»)። አዲስ ገቢ ከመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወር፣ እስከ 100 ካሬ ሜትር ድረስ፣ እስከ 90 በመቶ የአርኖና ቅናሽ ማግኘት ይችላል። የአዲስ ገቢ መታወቂያችሁን («ተዑዳት ዖሌ») ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሂዱ፤ ካልጠየቃችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ ምግብ። አትክልት በሃዳር ባለው በታልፒዮት ገበያ ወይም በዋዲ ኒስናስ ዋጋ አወዳድራችሁ ግዙ። ጤፍ እዚህ አገር ከስንዴ ዱቄት ይልቅ ውድ ነው፤ ቀላቅሎ መጋገር ወጪ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፦ የልጆች ማዖን፣ መጓጓዣና የትምህርት መሣሪያ።

አራተኛ፦ ለዘመድ የሚላክ ገንዘብ፣ ለቅሶና ሠርግ። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ የሚጠብቅ ወገን ያለው ቤተሰብ ይህን ወጪ አይተወውም፤ መተውም የለበትም። ነገር ግን በወሩ መጀመሪያ መጠኑን ወስኑ፤ አለዚያ የኪራዩን ገንዘብ ይወስደዋል።

አምስተኛ፦ የቤት ዕቃ፣ ቴሌቪዥንና አዲስ ስልክ። ሻጩ «በተሽሉሚም» ማለትም በየወሩ ከፍላችሁ ውሰዱ ይላችኋል። የአንዱ ዕቃ ክፍያ ሳያልቅ ሌላው ሲጨመር ደመወዝ ባንክ ሳይደርስ ያልቃል፤ ባንኩም ላጎደላችሁት («ሚኑስ») ወለድ ያስከፍላል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው። ማቀዝቀዣ ካስፈለገ ከሚታመኑ ሰዎች ጋር ዕቁብ መግባት ከወለድ ይሻላል።

የልጅ አበል በየወሩ በ20ኛው ቀን ይገባል። ለኪራይ ቀን ካልደረሰ ወጪውን በዚሁ መሠረት አስተካክሉ።

6. የት ትጠይቃላችሁ?

ስለ ልጅ አበልና ስለ ወሊድ ክፍያ፦ ቢቱዋሕ ለኡሚ፣ ስልክ *6050።
ስለ አዲስ ገቢ መብቶች፦ የአሊያና የቅሊታ ሚኒስቴር፣ ስልክ *2994።
ስለ አርኖናና ስለ ጋን ምዝገባ፦ የሐይፋ ማዘጋጃ ቤት፣ ስልክ 106።

አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲያነጋግራችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ፤ የምትወስኑት ሁለታችሁም ሰምታችሁ ይሁን።