ቁልፉን ለማጥፋት ምን አስቸኮለህ?

ሰው የገዛ ጥፋቱን አደባባይ አያወጣም። እኔ ግን ዛሬ ላወጣው ነው። ለምን ቢሉ፣ እንደኔው ቱርቦ ያላት ፒካፕ ይዛችሁ ዳገት የምትወጡ አንባቢዎች ብዙ ናችሁ። የኔ ኪሳራ እናንተን ካዳነ ምን ቸገረኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ያገለገለች የናፍጣ ፒካፕ ገዛን። እሱ እንጅባራ ላይ ይነግዳል፣ እኔ እነዳለሁ። ከቡሬ በቆሎ እጭናለሁ፣ ቲሊሊን አልፌ እንጅባራ አራግፋለሁ፣ ስመለስ ድንች እይዛለሁ። የሁለት ቤት እንጀራ በዚያች መኪና ላይ ነበር።

እንጅባራ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ውሃ ነው። እዚያ ሳልቆም አልፌ አላውቅም። መኪናዋ አሥር ኩንታል ተሸክማ፣ ዳገቱን በሙሉ ጉልበቷ ወጥታ ገና ስታለከልክ፣ ወደ ሐይቁ እጠመዝዝና ወዲያው ቁልፉን አጠፋለሁ። ነዳጅ መቆጠቤ ነው እኮ! ከዚያ ወርጄ ውሃውን እያየሁ አየር መሳብ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረምኩ።

አንድ ቀን ቲሊሊ ሳልደርስ ጉልበቷ ክድት አለ። ከኮፈኑ ስር እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። እየተንፏቀቅኩ እንጅባራ ገባሁ። ወንድሜ በንዴት ጦፈ። በኔ ላይ እንዳይመስላችሁ፣ በሻጩ ላይ ነው! “የሞተ ቱርቦ ሸጠልን! ሽማግሌ እልክበታለሁ፣ እምቢ ካለም እከሰዋለሁ” አለ። እኔም “እውነትህን ነው” አልኩት።

ቱርቦዋን የፈቷት አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ዘንጉ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ነገር በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው አሳዩኝ። የምጣድ ጥላሸት ይመስላል። ከዚያ ቀና ብለው፣

“ልጄ፣ ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ።”

“ጋልበህ እንደደረስክ ወዲያው ታስረዋለህ?”

“ኧረ በጭራሽ! ላቡ እስኪደርቅ ማንሸራሸር ነው እንጂ።”

“ታዲያ ለዚችኛዋ ቁልፉን ለማጥፋት ምን አስቸኮለህ?”

አፌ ተያዘ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለበት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረስ አጊጦ በሚወጣበት አገር፣ ለፈረስ የምናውቀውን ለመኪና እንዴት ረሳሁት?

እስቲ ነገሩን እንየው። ቱርቦን እ.ኤ.አ. በ1905 በባለቤትነት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በከንቱ የሚወጣው ጭስ አንዱን መዘውር ያዞራል፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላኛው መዘውር አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሾራል። ሸክም ሲከብድ የጭሱ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በእንጅባራና በዘንገና ከፍታ ደግሞ፣ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦው ያንኑ አየር ለማግኘት የበለጠ ይለፋል።

ይህን ሁሉ የሚያሾረው ስስ የዘይት ንጣፍ ነው። ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ ሞተሩ ነው። እንደ ጋለ ቁልፉን ስታጠፉ ዘይቱ ባለበት ይቆማል፣ ከጋለው ብረት ሙቀቱ ወደ ዘንጉ ይመጣል፣ ዘይቱ እዚያው አርሮ ከሰል ይሆናል። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይል። በየሳምንቱ ሲሆን ግን የዘይቱን መንገድ ይደፍናል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። የኔዋን የበላት ይኸው ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው የመከሩኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሞተሩን በሚኒሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር በዝግታ መንዳትም ይረዳል። ጠዋት በውርጭ ስታስነሱም፣ ዘይቱ እስኪዳረስ ነዳጅ መርገጫውን አትደብድቡት።

ሁለተኛ፣ ዘይት። ለናፍጣ ቱርቦ የተሠራውን ዓይነት ከነፊልትሮው ቀይሩ። ሸክምና አቧራ የሚበዛባት መኪና የአምራቹ መመሪያ ከሚለው ቀድማ መቀየር አለባት። እኔ “ገና ነው፣ ትንሽ ትሂድ” እያልኩ ነበር የማዘገየው።

ሦስተኛ፣ የአየር ማጣሪያውን ተመልከቱ። በዚያ ፍጥነት ለሚሾር መዘውር የመንገድ አቧራ ሞረድ ነው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ጎማዎች መሰንጠቃቸውን፣ ማሰሪያቸው መላላቱን እዩ። ከናፍጣ ማጣሪያው ስር ያለውን ውሃም አፍስሱ።

አራተኛ፣ ጭሱን አንብቡ። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷታል ወይም ናፍጣ በዝቶባታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። በሰማያዊ ጭስ መንገድ አትጀምሩ! የቱርቦው ዘይት ወደ ሞተሩ መፍሰስ ከጀመረ፣ ሞተሩ ያንኑ ዘይት እያቃጠለ ራሱን ማስጮህ ይችላል። ያኔ ቁልፍ ብታጠፉም እሺ አይልም። እንዲህ ከገጠማችሁ፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ ከሆነ፣ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ በትልቁ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቁና አንቁት። እጃችሁን ወደ አየር ማስገቢያው አትስደዱ።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ከጋራዡ ወጥቼ ቤቱ ስደርስ ሽማግሌዎቹን ለቅዳሜ ቀጥሯል። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ልል ዳድቶኝ ነበር። ሰውየው ካሳ ከከፈለ ዕዳችን ይቀላል። ግን ያ ሰው ምን አደረገን? ደህና መኪና ሸጠልን። “ወንድም ጋሼ፣ ጥፋቱ የሻጩ አይደለም፣ የኔ ነው” አልኩና ስለ ዘንገናው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስላዘገየሁት ዘይት ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “የሰው ስም አጥፍተን ነበር እኮ” አለኝ። ያቺ ቃል ከቱርቦው ዋጋ በላይ ቆረጠችኝ። ዕዳውን ከኔ ድርሻ እየተቀነሰ ለወራት ከፈልኩ።

አሁንም ዘንገና እቆማለሁ። ግን መኪናዋ በሚኒሞ እያንጎራጎረች እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው ውሃውን የማየው። ጋላቢው ሳይሆን ፈረሱ ነው ቀድሞ የሚያርፈው። እናንተም አትቸኩሉ!