ሕግ ከመዝገቡ ጋር ይኑር

ገንዘብ ባለበት ስፍራ ሁሉ መዝገብ አለ፤ መዝገብም ባለበት ሕግ ሊኖር ይገባል። ባሁኑ ዘመን የባንክ ሒሳብ የሚጠበቀው ዳታቤዝ በሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። እኔም በዚህ ዓመት ይህን ትምህርት በመማር ላይ ስለሆንሁ፥ ሕግ በዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እንደሚጻፍ ለጓደኞቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ ቢ ኤም ሊቅ፥ መረጃን በሰንጠረዥ ከፍሎ ማስቀመጥ እንደሚቻል በጽሑፍ አስረዳ። ለምሳሌ አንዱ ሰንጠረዥ የደንበኞችን ስም፥ ሌላው ሒሳባቸውን ይይዛል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደንበኛው ቍጥር ነው።

በሰፈራችን በኦሎምፒያ ገንዘብ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ በር አለው፤ የባንኩ መስኮት፥ ኤ ቲ ኤም፥ የእጅ ስልኩ። «ካለው በላይ አይውጣ» የሚለው ሕግ በየበሩ ብቻ ቢጻፍ፥ አንዱ በር በዘነጋ ቀን ገንዘቡ ይፈሳል። ሕጉ በመዝገቡ ላይ ቢጻፍ ግን በየትኛውም በር የመጣው ሰው ያንኑ ዘበኛ ያገኛል።

ለዚህ ሥራ ሦስት መሣሪያዎች ተምሬአለሁ። አንደኛው ቼክ ነው፤ ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ይከለክላል። ሁለተኛው ትሪገር ነው፤ መዝገቡ በተነካ ቍጥር ራሱ ተነሥቶ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይጽፋል። ሦስተኛው ስቶርድ ፕሮሲጀር ነው፤ ገንዘብ ማስተላለፍን የመሰለ ሥራ በሙሉ በዳታቤዙ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በሮቹም ስሙን ጠርተው ያሠሩታል እንጂ መዝገቡን በቀጥታ አይነኩም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የሚከተለው ነው። አባትና ልጅ 1,000 ብር ካለበት ሒሳብ በአንድ ቅጽበት በሁለት በር 800 ብር 800 ብር ቢጠይቁ፥ ሁለቱም በሮች «1,000 ብር አለ» ብለው 1,600 ብር ሊከፍሉ ይችላሉ። በትክክል የታዘዘ ዳታቤዝ ግን ሒሳቡን ለመጀመሪያው ይቈልፋል፤ ሁለተኛው ተራውን ጠብቆ ሲገባ 200 ብር ብቻ ያገኛልና ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር፥ ደንበኞች ካላቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ገንዘቡ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ከወሰዱትም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የችግሩ ውስጣዊ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፥ አንዲት ሕግ ለአንድ ሌሊት ሳትሠራ ብታድር ምን እንደሚከተል ሁላችንም አየን።

ሁሉ ነገር በዳታቤዝ ውስጥ ይጻፍ ማለቴ ግን አይደለም። የገጹን መልክ፥ የመልእክቱን ቋንቋና ይህን የመሰለውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ነገር በውጭ መሥራት ይሻላል። ገንዘቡን የሚጠብቀው ሕግ ግን ገንዘቡ ከተመዘገበበት መራቅ የለበትም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ነገ ይህን መዝገብ የምንጽፈው እኛ ነን። ወላጆቻችን ደክመው ያጠራቀሙት ገንዘብ የሚጠበቀው በምንጽፋት መሥመር ነውና፥ ተጠንቅቀን እንማር። መኪናው በተሳሳተበትም ሌሊት ቢሆን የሰው ገንዘብ የሰው መሆኑን አንርሳ፤ ይህን ሕግ የሚጽፍልን ዳታቤዝ የለም።