ገንዘባችን በአንድ ቃል ላይ ሲንጠለጠል



ባለፈው ሴሚስተር ከወንድሞቻችን አንዱን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተክዞ አገኘነው። በኢንተርኔት የግራፊክስ ሥራ እየሠራ ለወራት ያጠራቀመው የክሪፕቶ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ተወስዷል። «ክሪፕቶ አይሰበርም ሲሉ አልነበር እንዴ?» አለን። ስናጣራ የኢሜይሉ፣ የክሪፕቶ አካውንቱና ፊልም የሚያወርድበት ድረ ገጽ የይለፍ ቃል አንድ ሆኖ ተገኘ፦ ስሙና የተወለደበት ዓመት።

ክሪፕቶ መያዝና መነገድ ዑለሞች የተለያዩበት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ ስላልሆነ ብይኑን ለሚያውቁት እንተወዋለን። እኛ የምናየው ለፍተን ያገኘነው ገንዘብ እንዴት በቀላሉ ከእጃችን እንደሚወጣ ነው።

ቢትኮይን የሚንቀሳቀሰው «የግል ቁልፍ» በሚባል ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር 256 ቢት ርዝመት አለው፤ በተለመደው አጻጻፍ እስከ 78 አሃዝ ይደርሳል። ኮምፒውተር በዕጣ ከመረጠው፣ የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢተባበሩም ገምተው አያገኙትም። ወንድማችን «አይሰበርም» ሲባል የሰማው ይህንን ነው።

ሆኖም 78 አሃዝ በቃል መያዝ ለሰው ይከብዳል። ስለዚህ አንዳንዶች «ብሬይን ዋሌት» የሚባል ዘዴ መጠቀም ጀመሩ። ተጠቃሚው አንድ ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ይመርጣል፤ ኮምፒውተሩ «ሻ-256» በሚባል ቀመር ወደ ቁልፍ ይለውጠዋል። ቀመሩ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ያንኑ ቃል የገመተ ሁሉ ያንኑ ቁልፍ ያገኛል። ኤቲኤም ላይ የሚስጥር ቁጥር ደጋግመን ከተሳሳትን ካርዳችን ይያዛል፤ እዚህ ግን የሚከለክል የለም። ሌባው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቃላትን ይሞክራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ወደ 300 ቢሊዮን የሚጠጉ የይለፍ ቃላትን ሞክረው፣ ከ2011 እስከ 2015 ሰዎች የተጠቀሙባቸውን 884 ብሬይን ዋሌቶች አገኙ። ከ21ዱ በስተቀር ሁሉም ባዶ ተደርገዋል፤ አብዛኞቹ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ብዙዎቹም በደቂቃዎች ውስጥ። ብዙ ገንዘብ ያስቀመጡት ሰዎች የተሻለ የይለፍ ቃል ስለመምረጣቸውም ምንም ማስረጃ አልተገኘም።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። አንዳንዶቻችን የሱራ ስም፣ የአያ ቁራጭ ወይም ዚክር በላቲን ፊደል ጽፈን የይለፍ ቃል እናደርጋለን። ረጅም ስለሆነ አስተማማኝ ይመስለናል። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በቃላቸው የያዙት ነገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። የታወቀ መጽሐፍ፣ ነሺዳ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ዓመት ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

ሌላው ችግር አንዱን የይለፍ ቃል ለሁሉም ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቁ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ አካውንቶች መረጃ በ2016 ለሽያጭ ቀርቧል። ሌቦች እንዲህ ያለውን ዝርዝር ይዘው ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን በሌሎች ድረ ገጾች ላይ በፕሮግራም ይሞክራሉ። በወንድማችን ላይ የደረሰውም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ የይለፍ ቃል እንያዝ። ብዙ መያዝ ካቃተን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ እንጠቀም። የአፑ ዋና መክፈቻ በዕጣ የወጡ፣ የማይገናኙ ስድስት ያህል ቃላት ይሁን።

2. ከሁሉ በፊት ኢሜይላችንን እናጠናክር። ኢሜይሉን የያዘ ሰው የሌላውን ሁሉ የይለፍ ቃል መቀየር ይችላል። ሁለተኛ ማረጋገጫ እንጨምርበት፤ ከኤስኤምኤስ ይልቅ ኮድ የሚያወጣ አፕ ይሻላል።

3. ዋሌት ስንከፍት የሚሰጡን 12 ወይም 24 ቃላት የገንዘቡ ቁልፍ ናቸው። ወረቀት ላይ እንጻፋቸው እንጂ ፎቶ አንስተን ወይም ቴሌግራም ላይ አናስቀምጣቸው። በማንኛውም ምክንያት እነሱን የሚጠይቀን ሰው ሌባ ነው።

4. መርሳትም እንደ ሌባ ነው። ስቴፋን ቶማስ የሚባል ፕሮግራመር 7,002 ቢትኮይን የያዘ መሣሪያውን የይለፍ ቃል ረስቶ፣ ከተፈቀዱት 10 ሙከራዎች 8ቱን መጨረሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቧል። ስለዚህ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አድርገን በተለያየ ቦታ እናስቀምጥ።

ወንድማችን ገንዘቡን አላገኘም። በብሎክቼይን አንዴ የተላከ ገንዘብ ተመላሽ የሚያደርግ ባንክ የለም። ንብረት አላህ በእጃችን ያኖረው አማና ነው፤ ተወኩል ከጥንቃቄ ጋር ነውና ግመላችንን እንሰር። ኢሜይሉን ማስተካከል የሚቸገር ካለ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ስልኩን ይዞ ይምጣ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንሠራለን። የይለፍ ቃሉን ግን ለኛም አይንገረን።