ስለ ሰንሰለትና ስለ መንኰራኩሩ ልክ

እ.ኤ.አ. በ1956 በእስራኤል፣ በሜዲትራንያን ዳርቻ አሸዋ ላይ የተቈረቈረችው አሽዶድ፣ በ1965 ወደቧ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየማዕዘነ ዓለሙ የሚመጣ ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ናትና፣ በዚያ የሚሠሩት አነስተኛ መኪናዎች፣ ማለት የአትክልት ቦታ ማረሻ ሞተሩም ሆነ የመልእክተኛው ሞተር ብስክሌት፣ አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በአውሮፓ መስፈርት የተሠራ ሰንሰለት ቢሸከሙ የሚያስገርም አይሆንም። በዚህችው ከተማ ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖራሉ፤ በጎንደር አገር አባቶቻቸው በቀጥቃጭነት የታወቁ ነበሩና የብረት ነገር ለእነርሱ ባዕድ አይደለም፤ ሆኖም ማረሻ ከገበሬው ሞፈርና ድግር ጋር እየተስተያየ ሲቀጠቀጥ፣ ሰንሰለት ግን አስቀድሞ በሩቅ ለተወሰነ ቍጥር ይገዛል። ይህ ሥርዐት መልክ የያዘው በስዊስ ተወልዶ በማንቸስተር የሠራው ሐንስ ሬኖልድ በ1880 የሰንሰለት ፈጠራውን ካስመዘገበ በኋላ ነው።

አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ለመለየት ሦስት ልክ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከአንዱ ፒን እምብርት እስከ ቀጣዩ ፒን እምብርት ያለው ርቀት፣ እርሱም ፒች የሚባለው፣ ሁለተኛው የተሽከርካሪው ቱቦ ውፍረት፣ ሦስተኛው በውስጥ ሰሌዳዎቹ መካከል ያለው ስፋት ነው። በአሜሪካው አቈጣጠር የመጀመሪያው አኃዝ ፒቹን በስምንተኛ ኢንች ስለሚናገር፣ 40 ቢል አራት ስምንተኛ፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ 35 ቢል 9.525 ነው፤ መጨረሻው 5 ሲሆን ቱቦ የሌለው፣ 1 ሲሆን ቀላልና ጠባብ መሆኑን ያመለክታል። አውሮፓው በዐሥራ ስድስተኛ ይቈጥራልና 08ቢ ያው 12.7 ነው።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የ40፣ የ41፣ የ08ቢ፣ የሞተር ብስክሌቱ የ420ና የ428፣ የተራውም ብስክሌት ፒች አንድ ስለ ሆነ፣ «የግማሽ ኢንች ስጠኝ» የሚል ገዢ ገና ምንም አልተናገረም። ቱቦው በ40 ላይ 7.92፣ በ41ና በ420 ላይ 7.77፣ በ08ቢና በ428 ላይ 8.51 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ40ና በ41 መካከል ያለውን ልዩነት ካሊፐር እንጂ ዓይን አይለየውምና ዳኛው ስፋቱ ይሆናል፤ እርሱም በ41 ላይ 6.35፣ በ40 ላይ 7.94፣ በብስክሌቱ ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የ40 ሰንሰለት በ41 ባለ ጥርስ መንኰራኩር ላይ እየተንገዋለለም ቢሆን ይቀመጣል፤ የ41 ሰንሰለት ግን የ40ውን ወፍራም ጥርስ ከቶ አያስገባም።

ያረጀ ሰንሰለት፣ ይልቁንም የባሕር ጨው ያገኘው፣ ስለሚረዝም ልኩን ይዋሻል፤ ስለዚህ አንዱን ፒች ሳይሆን ዐሥሩን በአንድነት መለካት ይሻላል። 12.7 በዐሥር ሲባዛ 127 ነው፤ 131 ገደማ ከተገኘ ሦስት በመቶ ረዝሟልና ይጣላል።

መንኰራኩሩ ላይ ቍጥሩ ከጠፋ ጥርሱ ይቈጠራል፤ 180 ዲግሪ ለጥርሱ ቍጥር ተካፍሎ የተገኘው ማዕዘን ሳይኑ ይወሰድና ፒቹ በእርሱ ሲካፈል፣ የፒኖቹ እምብርት የሚዞርበት ክበብ ወርድ ይገኛል፤ 18 ጥርስ ላለው የ40 መንኰራኩር 73.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ለብቻው ይለካል። ጥርሱ በአንድ ወገን እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ግን ልኩን መመርመር ትርፍ ድካም ነው፤ ሰንሰለቱና መንኰራኩሩ አብረው ይለወጣሉ።