የታመመ ጥርስ ሂሳብ፦ ያደረች ቀዳዳ ስንት ታስወጣለች?

መርካቶ ውስጥ ጥርሱን ያመመው ነጋዴ በቅድሚያ የሚያማክረው ሐኪም ሳይሆን የሱቅ ጎረቤቱን ነው። ጎረቤት ደግሞ መድኃኒት አያጣም። ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ታማሚው ጥርስ ላይ ይነከሳል፤ ማታ በአረቄ ይጉመጠመጣሉ፤ እምቢ ካለም በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክና አሞክሳሲሊን ይገዛል። ሱቁ አይዘጋም፣ ደንበኛም አይመለስም። ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ሦስቱም ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ ያውም ፊት ካበጠ በኋላ ነው።

ቅርንፉድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለው ዘይት ሕመም የማደንዘዝ ኃይል ስላለው የጥርስ ሐኪሞች ራሳቸው ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ችግሩ ቅርንፉዱም ሆነ ክኒኑ ሕመሙን እንጂ ቀዳዳውን አለመድፈናቸው ነው።

የጥርስ በሽታ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ያታልላል። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቩ ሲቆጣ እንቅልፍ ይነሳል። ቆይቶ ነርቩ ሲሞት ግን ሕመሙ ይቆማል። ታማሚውም «ክኒኑ ሠራልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በነጋዴ ቋንቋ ለመናገር ዕዳው ከመዝገብ የተሰረዘ መሰለ እንጂ ወለዱ እየተቆጠረ ነው። በሞተው ነርቭ ቦታ የሚራቡት ባክቴሪያዎች በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳሉ። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ መግል ይዞ ያብጣል። አሞክሳሲሊን እብጠቱን ሊያስታግሰው ይችል ይሆናል፤ የሞተው የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ግን ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም። ምንጩ እስካልጸዳ ወይም ጥርሱ እስካልተነቀለ ድረስ እብጠቱ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ወጪውም የሚያድገው በዚሁ ደረጃ ነው። ቀዳዳዋ ገና ትንሽ ሳለች የተያዘች እንደሆነ በአንድ ቀጠሮ ተሞልታ ታልቃለች። ነርቩ ጋ ከደረሰች ሩት ካናል የሚባለው፣ ማለትም የሥሩን ውስጥ አጽድቶ የመሙላት ሥራ ይመጣል፤ ይህም ራጅና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል። እንዲህ የታከመ የመንጋጋ ጥርስ እንዳይሰነጠቅ በላዩ ክራውን ይታዘዝለታል፤ በዚህ ጊዜ የሐኪሙ ዋጋ ላይ የላብራቶሪው ዋጋ ይደመራል። በየደረጃው የሚከፈለው ብር ከክሊኒክ ክሊኒክ ስለሚለያይ አኃዝ መጥራት ብዙም አይጠቅም፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ መወደዱን ግን የከፈለ ሁሉ ያውቀዋል። ከሥራ የሚባክነውም ሰዓት አብሮ መቆጠር አለበት። ኮሚሽኑን በአፉ የሚበላ ደላላ ከንፈሩ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ደንዝዞ ቢውል የቀኑ ገበያ እንዳመለጠው ይቆጠራል።

ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው አራተኛውን መንገድ ነው፤ አስነቅሎ መገላገል። የዛሬውን ብቻ ላየ ሰው ከሁሉም የረከሰው ይህ ነው። ነገር ግን የተነቀለው ጥርስ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቆይ የጎን ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ፣ በትይዩ ያለውም ጥርስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ማኘክ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ቦታውን ለመተካት ከተፈለገ ርካሹ ተነቃይ የፕላስቲክ ጥርስ ነው፤ ይህም የመንጋጋው አጥንት እየሟሸሸ ሲሄድ ይላላል። ብሪጅ የሚባለው ቋሚ ቢሆንም ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች ሞርዶ ምሰሶ ማድረግን ይጠይቃል። አንድ ለመተካት ሁለት መሞረድ! በርካሽ ተገላገልሁ ያለው ሰው የኋላ ኋላ ከሩት ካናሉ የበለጠ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ ነገሩ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። ማደንዘዣው፣ መሙያው፣ መርፌው፣ የክራውኑ ዚርኮኒያ፣ ወንበሩ ሳይቀር በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በምሳሌ ለማስላት 20 ዶላር የሚያወጣ የመሙያ ዕቃ በቀድሞው ተመን 1,140 ብር ሲሆን፣ በ100 ብር ሂሳብ 2,000 ብር ይሆናል። እርግጥ በትይዩ ገበያ ዶላር ሲገዛ ለከረመ አስመጪ የጭማሪው ድንጋጤ ይህን ያህል አይሆንም፤ ዋጋውን ቀድሞ አስገብቶታልና። ለታማሚው ግን ትምህርቱ ያው ነው፦ የዘንድሮን ጥርስ ለከርሞ ያሻገረ ሰው ሳያውቀው በብር ላይ ይወራረዳል። አስመጪዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ አለ። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ የሆነውን አማልጋም የተባለ መሙያ የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በስተቀር ከጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለከለከለ፣ ገበያው ወደ ነጩ መሙያ ማዘንበሉ የሚቆም አይመስልም።

ለመሆኑ ሐኪሙ «ይህም ይሞላ፣ ያኛውም ይሞላ» ሲል ገዢው በምን ያውቃል? ምጣኔ ሀብት አጥኚዎቹ ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ግብይት የእምነት ሸቀጥ በሚል ለይተውታል፤ ገዢው ከገዛ በኋላ እንኳ ያስፈልገው እንደነበረ ማረጋገጥ የማይችለው ማለት ነው። ቡና ገዢ ቀምሶ ያውቃል፤ የተሞላ ጥርስ ግን አንዴ ከተቦረቦረ ማስረጃው አብሮ ጠፍቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። መሞላት የማያስፈልገው ጥርስ ያለው አንድ ሰው በዙሪክ ወደ 180 የጥርስ ሐኪሞች ተልኮ፣ 28 በመቶዎቹ የማያስፈልግ ሕክምና አዘውለታል። ይበልጥ የሚደንቀው ቀጠሯቸው ቶሎ የሚገኝ፣ ማለትም ወረፋ የሌላቸው ሐኪሞች ይህን ማድረጋቸው በርከት ብሎ መገኘቱ ነው። ባዶ ወንበርም ኪራይ ይከፈልበታልና።

ከዚህ ተነስቶ ሐኪምን ሁሉ መጠርጠር ትርፍ የለውም፤ እዚህ አገር የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ከመጠን ያለፈ ሕክምና ሳይሆን ጭራሹን አለመታከሙ ነው። ይሁንና ጎማ ሲገዛ ሦስት ሱቅ የሚዞር ነጋዴ ለአፉ ሲሆን በመጀመሪያው ቃል ተስማምቶ መቀመጡ ግራ ነው። ሕመም ፋታ ሲሰጥ የራጁን ቅጂ ይዞ ሌላ ክሊኒክ መጠየቅ፣ የሥራውን ዝርዝርና ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀበል አያስነውርም።

የገበያ ሰው ጥርስ ቶሎ የሚጎዳበትም ምክንያት አለ። ጥርስን የሚበላው አሲድ የሚመነጨው አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ስኳር በኋላ አሲዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ይልቅ ድግግሞሹ ይበልጥ ይጎዳል። በምሳ ላይ ሦስት ማንኪያ ያደረገ አንዴ ይከፍላል፤ ዋጋ እየተደራደረ ቀኑን ሙሉ ስድስት ጊዜ ሻይና ማኪያቶ የሚጠጣ ግን ስድስት ጊዜ። ከስምጥ ሸለቆ፣ ከወንጂና ከመተሐራ አካባቢ ለመጡት ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ የያዘ ሲሆን፣ ጥርስ በልጅነት ሲሠራ የሚገባው ቡናማ ቀለም በኋላ በመፋቂያም ሆነ በሳሙና አይለቅም። ከባድ ለሆነው የማንጫ ኬሚካል መግዛት ብርን መበተን ነው።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማነው? ባለቤቱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖችም ብዙ አይሻሉም፤ ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛውን የጥርስ ሕክምና በአብዛኛው አይሸፍንም። አገር ቤት ለመጠየቅ የሚመጣ ዳያስፖራ ጥርሱንም አሠርቶ መመለስን ከጉዞው ጋር የሚያስበው ለዚህ ነው።

በተለይ ኢምፕላንት ለሚያስተክል መንገደኛ የጊዜ ሂሳቡ ከባድ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የጀመረው ይህ ዘዴ የቲታንየም ብሎን ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድ በተለምዶ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠብቃል። ብሎኑ በክረምት ተተክሎ ጥርሱ የሚገጠመው በገና ነው ማለት ነው፤ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት። መለዋወጫውም እንደ መኪና በየአምራቹ ይለያያል፤ የአንዱ ዊንጥ ለሌላው ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ርዝመትና ውፍረት የተጻፈበትን ካርድ ከክሊኒኩ መቀበል የግድ ነው። ያለካርድ የሄደ ሰው ዊንጧ በላላች ቀን፣ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ራጅ አንስቶ ከቅርጿ የማን ምርት እንደሆነች ለመገመት ይገደዳል፤ ለግምቱም ያስከፍላል።