የቀይ ቀበሮ አመጋገብና የአቡነ ዮሴፍ ጉብኝት

ከደሴ ተነስቶ በመርሳ በኩል ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ የሀብሩን ቆላማ የፍራፍሬ ማሳዎች ሲያቋርጥ፣ በዚያው ዞን ደጋ ላይ በዓለም በቁጥር እጅግ ካነሱት ሥጋ በል እንስሳት አንዱ እንደሚኖር ላይገምት ይችላል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም አገር አይገኝም። የአዋቂዎቹ ቁጥርም 5 መቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ በባሌ ተራሮች የሚኖሩ ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ከ4 ሺህ 2 መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይገኛሉ።

እንስሳው በመንጋ ይኑር እንጂ አደኑን የሚያካሂደው በአብዛኛው ለየብቻው ነው። ዋነኛ ምግቡ የደጋ አይጥ ነው። አይጦቹ ከጉድጓዳቸው የሚወጡት በቀን በመሆኑ ቀበሮውም የሚያድነው በቀን ነው። ሌሊት ከሚያድኑት አብዛኞቹ ሥጋ በል እንስሳት በተለየ ለጎብኚ ዓይን የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመንዝ ጓሳ የተካሄደና በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ይበልጥ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ከሌላ አዳኝ እንደሚሸሹት አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን ብዙ ጊዜ አይነካም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በባሌ ቀበሮዎች የአሸንዳ አበባ የአበባ ማር ሲልሱ መታየታቸው ተዘግቧል። የባሌ እረኞች ልጆች ይህን አበባ ድሮም ይልሱት ነበር።

ይህ ሁሉ የጉብኝቱን ሥርዓት ይወስናል። ሣሩ ካለቀ አይጡ ይጠፋል፤ አይጡ ከጠፋም ቀበሮ የለም። በመሆኑም የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከሁሉ አስቀድመው ሊመለከቱት የሚገባ ጉዳይ ነው። ከዚህ የማይተናነሰው አደጋ የቤት ውሻ ነው። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዌብ ሸለቆ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከሚኖሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገድሏል። በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ ያለውን ያህል አነስተኛ መንጋ አንድ ወረርሽኝ ብቻውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ ውሾችን ማስከተብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና ወረርሽኝና በተከተለው የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚ በእጅጉ ቀንሷል። ይህም በመንገድ መሪነትና በበቅሎ ኪራይ የሚተዳደሩ የላሊበላ አካባቢ ነዋሪዎችን ጎድቷል። ተራራውን የሚወጣ ሰው ወፍራም ልብስ ይዞ፣ የአካባቢውን መንገድ መሪ አስከትሎ፣ ማልዶ መነሳት ይኖርበታል። ውሻ ማስከተል፣ ለቀበሮው ምግብ መጣልና ቡችሎች ወዳሉበት ዋሻ መጠጋት አይገባም።